የሩጫ ታሪክ የማን ታሪክ ነው? ተማሪዎች በሄልሲንኪ የስፖርት ሙዚየም

ስፖርት ከኅብረተሰብ ኑሮ ተነጥሎ በራሱ የሚቆም ነገር አይደለም። ሰው የሚሮጠው፣ የሚዘለውና የሚታገለው በአንድ በተወሰነ ዘመን፣ በአንድ በተወሰነ የአኗኗር ሥርዓት ውስጥ ሆኖ ነው። ማን የመሮጥ ዕድል አገኘ? ማን ከመሮጫው መም ተገፋ? ድሉስ በማን ስም ተመዘገበ? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚፈልግ ሰው ከሯጩ ጡንቻ ይልቅ የዘመኑን የኅብረተሰብ ግንኙነት መመርመር ይኖርበታል። ይህ አባባል በወረቀት ላይ ሲነበብ ደረቅ ይመስላል፤ በዓይን ሲታይ ግን ሥጋና ደም ይለብሳል። በፊንላንድ የአካል ማሠልጠኛ ትምህርት የሚከታተሉ አሥራ ሁለት ተማሪዎች በሄልሲንኪ ከተማ የሚገኘውን የስፖርት ታሪክ ሙዚየም በጎበኙበት ዕለት አብረናቸው ነበርን። ከመካከላቸው ሦስቱ የአገራችን ልጆች ናቸው። ያየነውንና የሰማነውን፣ በተለይም በጉብኝቱ ላይ የተነሡትን ክርክሮች ለቀበሌ ማኅበራት አባላትና ለሠራተኛው አንባቢያችን ማቅረቡ ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

ሙዚየሙ የሚገኘው በከተማይቱ ኦሎምፒክ ስታዲየም ውስጥ ነው። ስታዲየሙ ዩርዮ ሊንድግሬንና ቶይቮ ያንቲ በተባሉ ሁለት አርክቴክቶች ንድፍ ተሠርቶ በ1938 ተመረቀ። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይሏል። ቶኪዮ የ1940ውን የኦሎምፒክ ጨዋታ ከማስተናገድ ወደ ኋላ ስትል ተራው ለሄልሲንኪ ደርሶ ነበር፤ ነገር ግን ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቀደመና ጨዋታው ወደዚያ የገባው ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ በ1952 ነው። ከስታዲየሙ ጎን የቆመው ነጭ ማማ ቁመቱ 72 ሜትር ከ71 ሳንቲ ሜትር ነው። ቁጥሩ እንዲያው የመጣ አይደለም። ማቲ ያርቪኔን የተባለው ፊንላንዳዊ ጦር ወርዋሪ በ1932 በሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ የወርቅ ሜዳሊያ ያገኘበት ርቀት ነው። ለነገሥታትና ለጦር አዛዦች የቆሙ አያሌ ሐውልቶችንና ማማዎችን በልዩ ልዩ አገሮች ተመልክተናል፤ በአንድ ሰው ክንድ ልክ የተለካ ማማ ስናይ ግን ይህ የመጀመሪያችን ነው። ስታዲየሙ ከ2016 እስከ 2020 ሙሉ እድሳት ሲደረግለት ሙዚየሙም ተደራጅቶ «ታህቶ» የሚል ስም ተሰጠው። ቃሉ በፊንላንድኛ የሰውን ፈቃድና ቁርጠኝነት የሚገልጽ ነው።

ከመስታወቱ በስተጀርባ ያሉት ዕቃዎች ሲታዩ ተራ ነገሮች ናቸው። ከእንጨት የተጠረቡ የበረዶ መንሸራተቻዎች፣ ቆዳቸው የተሰነጣጠቀ መሮጫ ጫማዎች፣ የደረት ቁጥሮች፣ ሜዳሊያዎች፣ ቢጫ ያመጡ ፎቶግራፎች። ተማሪዎቹ መጀመሪያ ላይ ፈጠን ፈጠን እያሉ ያልፉ ነበር። አስጎብኚያችን የነበሩት በዕድሜ ጠና ያሉ ሴት ግን ቸኩለው አልተከተሏቸውም፤ በሁለት ሰዎች ፎቶግራፍ ፊት ቆመው ሁሉም እስኪመለስ ጠበቁ። ሰዎቹ ሐንስ ኮሌህማይኔንና ፓቮ ኑርሚ ናቸው።

ኮሌህማይኔን በሙያው ግንበኛ ነበር። በ1912 በስቶክሆልም ኦሎምፒክ በ5,000 ሜትር፣ በ10,000 ሜትርና በአገር አቋራጭ ሦስት ወርቅ አገኘ። ሆኖም በዚያን ጊዜ ፊንላንድ በሩሲያ ዛር አገዛዝ ሥር ስለነበረች ለግንበኛው ድል የተሰቀለው ሰንደቅ ዓላማ የራሱ ሕዝብ ሳይሆን የገዢው ነበር። አገሩ በ1917 ነፃነቷን ካወጀች በኋላ፣ በ1920 በአንትወርፕ ማራቶን ሲያሸንፍ ግን ሰንደቁ የራሱ ሆነ። አንድ ሰው በሁለት ባንዲራ ሥር ሮጦ በሁለቱም አሸነፈ፤ ላቡ ያው ነው፤ የተለወጠው የአገሩ ሁኔታ ነው።

ኑርሚ ደግሞ በ1897 በቱርኩ ከተማ ከአናጢ ቤተሰብ ተወለደ። አባቱ በ1910 ሲሞቱ ትምህርቱን አቋርጦ በአንድ ዳቦ ቤት በተላላኪነት ተቀጠረ። ሥራው ከባድ ጋሪ እየገፋ የከተማይቱን ዳገት መውጣት ነበር። የጀርባውና የእግሩ ጥንካሬ ከዚያ ሥራ እንደመጣ በኋላ ራሱ ተናግሯል። ይህ ልጅ በሦስት የኦሎምፒክ ጨዋታዎች ዘጠኝ የወርቅና ሦስት የብር ሜዳሊያዎች አገኘ። በ1924 በፓሪስ በአንድ ቀን፣ ሁለት ሰዓት እንኳ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ፣ 1,500 ሜትርንና 5,000 ሜትርን አከታትሎ አሸነፈ። ሲሮጥ ሰዓት በእጁ ይዞ የራሱን ፍጥነት ይቆጣጠር ነበር፤ ተቀናቃኙን ከማየት ይልቅ ሰዓቱን ያያል። ዋይኖ አልቶነን የተባለው ቀራፂ የሠራው ሐውልቱ ዛሬ ከስታዲየሙ በር ላይ ራቁቱን በሩጫ ላይ እንዳለ ቆሟል።

ክርክሩ የተጀመረው እዚህ ላይ ነው። ኑርሚ በ1932 በሎስ አንጀለስ የማራቶን ሩጫ ሕይወቱን ለመደምደም ተዘጋጅቶ ሳለ ከውድድሩ ታገደ። ጥፋቱ ምን ነበር? በጀርመን ባደረገው የውድድር ጉዞ ከተፈቀደው በላይ ገንዘብ ተቀብሏል የሚል ነው። ደንቡ አትሌቱ «አማተር» እንዲሆን፣ ማለትም ከስፖርት ምንም ጥቅም እንዳያገኝ ያስገድድ ነበር። ከተማሪዎቹ አንዱ፣ የሌላ አገር ልጅ ነው፣ ደንብ ደንብ ስለሆነ መከበር ነበረበት ሲል ተከራከረ። ከአገራችን ልጆች አንዷ ግን ወዲያው መለሰችለት፦ «ደንቡን ማን አወጣው?» ስትል ጠየቀች። ጥያቄዋ ትክክለኛ ነው። የአማተርነት ደንብ የተወለደው በ19ኛው መቶ ዘመን በእንግሊዝ የባለጠጎች ክለቦች ውስጥ ሲሆን፣ በመጀመሪያ በወጣበት ጊዜ መካኒክ፣ የእጅ ባለሙያና የቀን ሠራተኛ የሆነን ሰው አማተር አይደለም ብሎ በግልጽ ከውድድር ያገለለ ነበር። ይኸውም በክንዱ የሚኖር ሰው በመዝናናት ከሚኖረው ጋር እኩል መስመር ላይ እንዳይቆም ማለት ነው። በኋላ ይህ ዐይን ያወጣ አነጋገር ከደንቡ ተፋቀ፤ መንፈሱ ግን ቀረ። ባለርስቱ ዓመቱን ሙሉ ቢለማመድ የሚጎድልበት ነገር የለም። ግንበኛው ግን ለአንድ ወር ውድድር ሲሄድ የአንድ ወር እንጀራው ይቀራል፤ ያን የሚተካ ሣንቲም ከተቀበለ ደግሞ ወንጀለኛ ይባላል።

በዚሁ ደንብ ከተጎዱት ሁሉ የባሰው ጂም ቶርፕ ነው። የአሜሪካ ነባር ሕዝብ ተወላጅ የሆነው ይህ አትሌት በ1912 በአምስትና በአሥር ዓይነት ጥምር ውድድሮች ሁለት ወርቅ ካገኘ በኋላ፣ ቀደም ሲል በበጋ ወራት ቤዝቦል ተጫውቶ ጥቂት ዶላር ተከፍሎታል ተብሎ በ1913 ሜዳሊያዎቹን ተነጠቀ። ሜዳሊያው እንዲመለስ የተወሰነው በ1982 ነው፤ ቶርፕ ከሞተ 29 ዓመት ሆኖት ነበር። ብቸኛ አሸናፊነቱ ደግሞ የጸደቀው ገና በ2022 ነው። ደንቡ ራሱ በ1980ዎቹ እየላላ ሄዶ ተሻረ። ዛሬ ያው የኦሎምፒክ መድረክ በሚሊዮን የሚከፈላቸው አትሌቶች የሚቆሙበት ሆኗል፤ ትናንት ኑርሚን ያሳገደው ነገር ዛሬ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። ከአንዱ ጽንፍ ወደ ሌላው የተደረገው ዝላይ ለደሃው ልጅ መንገዱን ምን ያህል አስፍቶለታል የሚለው ጥያቄ ግን ለብቻው የሚታይ ነው።

ወደ ፊንላንድ ጉዳይ እንመለስ። ለሠራተኛው አንባቢ ከሁሉ በላይ ቁም ነገር ያለው የ1918ቱ ክፍል ይመስለናል። በዚያ ዓመት ፊንላንድ ውስጥ «ቀዮች» በተባሉት በሠራተኞችና በመሬት አልባ ገበሬዎች፣ በሌላ ወገን ደግሞ «ነጮች» በተባሉት መካከል እጅግ መራራ የእርስ በርስ ጦርነት ተካሄደ። ቀዮቹ ተሸነፉ። በሺዎች የሚቆጠሩት ተረሸኑ፤ ሌሎች በሺዎች የሚቆጠሩት ደግሞ በእስረኛ ካምፖች በረሃብና በበሽታ አለቁ። ጦርነቱ በጦር ሜዳ ላይ ቢያበቃም በስፖርት ሜዳ ላይ ቀጠለ። በ1906 የተቋቋመው አጠቃላይ የስፖርት ማኅበር ከቀዮቹ ጋር የተሰለፉትን ክለቦችና ስፖርተኞች ከአባልነት አባረረ። የተባረሩት በበኩላቸው በጥር ወር 1919 የራሳቸውን የሠራተኞች ስፖርት ፌዴሬሽን አቋቋሙ። ከዚያ ወዲያ ለአሥርታት ያህል በአንዲት ትንሽ አገር ውስጥ ሁለት ስፖርት ኖረ። በአንድ መንደር ሁለት ሜዳ፣ ሁለት ክለብ፣ ሁለት ሻምፒዮና ሆነ። የፋብሪካው ልጅ ከባለሱቁ ልጅ ጋር ጎረቤት ሆኖ አብሮት አይሮጥም ነበር።

አስጎብኚያችን ይህን ሲነግሩን ድምፃቸው ዝቅ አለ። በእርሳቸው የልጅነት ዘመን እንኳ የየትኛው ክለብ አባል እንደሆንክ ሲታወቅ ያባትህ ወገን ይታወቅ እንደነበር አጫወቱን። ከሠራተኞቹ ፌዴሬሽን ጎበዝ የወጣ ሯጭ ምርጫው ከባድ ነበር። በኦሎምፒክ መሮጥ ከፈለገ ወገኖቹን ጥሎ ወደዚያኛው ማኅበር መሻገር አለበት፤ ከወገኖቹ ጋር ከቀረ ደግሞ ዓለም አያውቀውም። አንዳንዶቹ ተሻገሩ፤ ከሃዲ ተባሉ። ሌሎቹ ቀሩ፤ ስማቸው ከመንደራቸው ውጪ አልተሰማም። እኛ በየትኛውም ወገን ላይ ከሩቅ ሆነን ለመፍረድ አንደፍርም። ነገር ግን የሪከርድ መዝገብ ሲነበብ ያልሮጡትን ማሰብ አስፈላጊ መሆኑን ይህ ክፍል በሚገባ ያሳያል።

የቀሩትም ቢሆኑ ዝም ብለው አልተቀመጡም። የልዩ ልዩ አገሮች የሠራተኞች ስፖርት ማኅበራት ተባብረው የራሳቸውን ኦሎምፒያድ በ1925 በፍራንክፈርት፣ በ1931 በቪየና፣ በ1937 በአንትወርፕ አካሄዱ። ከጦርነቱ እልቂት በኋላ ጀርመናዊው፣ ፈረንሳዊውና ፊንላንዳዊው ሠራተኛ በአንድ ሜዳ ላይ መገናኘታቸው በራሱ ትልቅ ነገር ነበር። በ1936 ደግሞ ሂትለር በበርሊን ያዘጋጀውን ኦሎምፒክ በመቃወም በባርሴሎና ሕዝባዊ ኦሎምፒያድ ሊከፈት አትሌቶች ከተማይቱ ገብተው ሳለ፣ በመክፈቻው ዋዜማ የፍራንኮ ጄኔራሎች ባመፁበት ምክንያት የስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ተነሣና ጨዋታው ሳይጀመር ቀረ። ለውድድር ከመጡት መካከል ጠመንጃ አንሥተው ለሪፑብሊኩ የተዋጉ ነበሩ።

የአገራችንን ሠራተኛ የሚመለከት ነገር እዚህ ላይ አለ። በእኛም ዘንድ ስፖርት ያደገው በጦር ክፍሎችና በፋብሪካዎች አጥር ውስጥ ነው። የድሬዳዋው የጥጥ ፋብሪካ ቡድን የአገሪቱን የእግር ኳስ ሻምፒዮና ዋንጫ ደጋግሞ ያነሣ ቡድን ነው። ስምንት ሰዓት በድርና በማግ መካከል ቆሞ የዋለ ሰው ማልያ ለብሶ ሜዳ የሚወጣበትን ምሽት የሚያውቅ አንባቢ፣ የፊንላንድ ሠራተኞች ለምን ያን ሁሉ መከራ ተቀብለው የራሳቸውን ሜዳ እንደጠረጉ አስረጂ አያስፈልገውም።

ከዚህ በኋላ ከሙዚየሙ ክፍሎች ወጥተን ተመልካች ወደሚቀመጥበት ደረጃ ላይ ወጣን። ከፊታችን መሙ ተዘርግቷል። አስጎብኚዋ ወደ አንድ መቶ ሜትሩ መጨረሻ እያመለከቱ የነገሩን ታሪክ የአብርሃም ቶካዚየርን ነው። ቶካዚየር የሄልሲንኪ አይሁዳዊ ሲሆን፣ ስታዲየሙ በተመረቀበት ወቅት፣ ሰኔ 21 ቀን 1938 በተደረገው የ100 ሜትር ሩጫ አንደኛ ወጣ። አንደኛነቱም ተነገረ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን ዳኞቹ ውጤቱን ለውጠው አራተኛ አደረጉት። በማግሥቱ ሄልሲንጊን ሳኖማት የተባለው ጋዜጣ የሩጫውን ፍጻሜ ፎቶግራፍ ይዞ ወጣ፤ ቶካዚየር ከሌሎቹ ቀድሞ ገመዱን ሲበጥስ በግልጽ ይታያል። ያም ሆኖ ውጤቱ አልተለወጠም። ዘመኑ የናዚ ጀርመን ጥላ በአውሮፓ ላይ ያጠላበት ጊዜ መሆኑን እዚህ ላይ ማስታወስ ይበቃል። ፎቶግራፉ 75 ዓመት ሙሉ በጋዜጣ ክምችት ውስጥ ተቀመጠ። አንድ የፊንላንድ ደራሲ ያንን ድርጊት በልብ ወለድ መጽሐፉ ካነሣው በኋላ በ2013 የአትሌቲክስ ማኅበሩ ይቅርታ ጠይቆ አንደኛነቱን መለሰለት። ቶካዚየር ግን ይህን ለማየት በሕይወት አልነበረም።

ከደረጃው ላይ ለጥቂት ጊዜ ማንም አልተናገረም። አንዱ ተማሪ፣ «ፎቶው ባይኖርስ?» አለ። በእርግጥም ፎቶው ባይኖር ቶካዚየር እስከ ዛሬ አራተኛ ነበር። ለአንድ ጋዜጠኛ ከዚህ የበለጠ የሥራ ትምህርት አይገኝም፤ ያን ዕለት ካሜራውን አነጣጥሮ የቆመው ባለሙያ ስለ ፍትሕ ያስብ እንደነበር አናውቅም፤ ሥራውን በትክክል መሥራቱ ግን በቂ ሆኗል።

ትልቁ ክርክር የተነሣው በላሴ ቪረን ላይ ነው። ቪረን የሚርስኪላ መንደር የፖሊስ ባልደረባ ነበር። በ1972 በሙኒክ በ10,000 ሜትር ፍጻሜ በሩጫው መካከል ወድቆ ተነሥቶ፣ የቀደሙትን ደርሶባቸው፣ በዓለም ሪከርድ በ27 ደቂቃ ከ38 ሰከንድ አሸነፈ። 5,000 ሜትሩንም ጨመረ። በ1976 በሞንትሪያል ሁለቱንም ደገማቸው። በሁለት ተከታታይ ኦሎምፒክ ሁለቱን ርቀቶች በድርብ ያሸነፈ ከእርሱ በፊት ማንም አልነበረም። ፊንላንዳውያን ቢኮሩበት አይፈረድባቸውም።

ይሁን እንጂ በሙኒኩ 10,000 ሜትር ሦስተኛ ሆኖ የነሐስ ሜዳሊያ የወሰደው ማን ነበር? ምሩፅ ይፍጠር ነው። «ማርሽ ቀያሪው» እያልን የምናውቀው ምሩፅ በትግራይ ተወልዶ፣ በወጣትነቱ በፋብሪካዎች በሠራተኛነት በኋላም በጋሪ ነጂነት ኖሮ፣ አየር ኃይል ከገባ ወዲያ ነው በሯጭነት የታወቀው። ኑርሚ ጋሪ ገፊ፣ ምሩፅ ጋሪ ነጂ። ሦስቱ ልጆቻችን ይህን ሲሰሙ ፈገግ አሉ። በ1976 ቪረን በሞንትሪያል ድሉን ሲደግም ምሩፅ በመሙ ላይ አልነበረም። የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን ወደ ዘረኛው የደቡብ አፍሪካ አገዛዝ ሄዶ በመጫወቱ፣ የሶዌቶ ተማሪዎች ደም በሰኔ ወር ገና ትኩስ ሆኖ ሳለ፣ ኒውዚላንድ ከጨዋታው እንድትወጣ አፍሪካውያን ጠየቁ። ራግቢ የኦሎምፒክ ስፖርት አይደለም ተብሎ ጥያቄው ተቀባይነት አጣ። ስለዚህ ኢትዮጵያን ጨምሮ ከሃያ በላይ አገሮች ልጆቻቸውን ይዘው ወጡ።

ከአገራችን ተማሪዎች አንዱ በቪረን ፎቶግራፎች ፊት ቆሞ ለጓደኞቹ የተናገረው ይህን ነው። ምሩፅ በ1977 በዱሰልዶርፍ የመጀመሪያው የዓለም ዋንጫ የአትሌቲክስ ውድድር 5,000ንም 10,000ንም አሸነፈ። በ1979 ውድድሩ ሲደገም እንደገና ሁለቱንም ወሰደ። ያ ሁለተኛው ውድድር የተደረገው የት ነው? ሞንትሪያል ውስጥ ነው፤ ከሦስት ዓመት በፊት ሳይሮጥ በተመለሰበት ከተማ። በ1980 በሞስኮ ደግሞ ሦስት መቶ ሜትር ያህል ሲቀረው ማርሹን ቀይሮ ሁለቱንም ወርቅ ሲያነሣ፣ ቪረን በ10,000 አምስተኛ ነበር። ልጁ ይህን ሲል ቁጭት እንጂ ጥላቻ አልነበረበትም። አንድ የፊንላንድ ተማሪ ግን ዝም አላለውም። በሞስኮም እኮ አሜሪካ፣ ምዕራብ ጀርመንና ኬንያን ጨምሮ በርካታ አገሮች አልነበሩም፤ ለሌሉት ነጥብ የምንይዝ ከሆነ ለሁሉም እንያዝ አለ። መልሱ ትክክለኛ ነው፤ ልጃችንም ተቀበለው። በዚያው በሞስኮ ከምሩፅ ቀጥሎ በ10,000 ሁለተኛ፣ በ5,000 ሦስተኛ የወጣው ካርሎ ማኒንካ፣ ደም በመሰጠት ራሱን እንዳጠናከረ በኋላ አምኗል። በጊዜው ክልከላው አልወጣም ነበር። ይህም በመስታወት ውስጥ ያለ ሜዳሊያ ብቻውን ከማይናገራቸው ነገሮች አንዱ ነው።

እዚህ ላይ ያለንን አስተያየት ሳንሰውር እንናገር። የ1976ቱ መውጣት ዋጋ ያስከፈለ ቢሆንም ከንቱ አልነበረም። በማግሥቱ ዓመት የብሪታንያ የጋራ ብልጽግና አባል መንግሥታት በግሌንኢግልስ ተስማምተው ከአፓርታይድ ስፖርት ጋር የሚደረገውን ግንኙነት ለመግታት ቃል ገቡ፤ ዘረኛው አገዛዝም በስፖርት ዓለም ይበልጥ እየተገለለ ሄዶ በ1994 ከነሥርዓቱ አበቃ። ለዚያ ትግል ምሩፅና ጓደኞቹ የከፈሉት በእግራቸው ነው። የ1984ቱ የሎስ አንጀለስና የ1988ቱ የሴኡል መቅረት ግን ከዚህ ጋር በአንድ ሚዛን አይሰፈርም። እነዚያ በኃያላን ጎራዎች ፍጥጫ የመጡ ውሳኔዎች ነበሩ፤ በእነርሱ ነፃ የወጣ ሕዝብ የለም። የቀሩት ልጆች ግን ነበሩ። በላይነህ ዴንሳሞ በሚያዝያ 1988 በሮተርዳም ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ሮጦ የዓለምን ሪከርድ ሰበረ፤ ሪከርዱም እስከ 1998 ድረስ አሥር ዓመት ቆየ። የዚያው ዓመት የሴኡል ማራቶን ሲነሣ ግን የዓለም ፈጣኑ ሰው በመነሻው መስመር ላይ አልነበረም። አንድ ትውልድ ሯጭ ከስምንት ዓመት የኦሎምፒክ ዕድል ውጪ ሆነ። የሯጭ ዕድሜ ደግሞ አይጠብቅም።

በነገራችን ላይ የፊንላንድና የኢትዮጵያ ሩጫ ትውውቅ በተቀናቃኝነት ብቻ የተመሠረተ አይደለም። የአበበ ቢቂላ አሠልጣኝ የነበሩት ኦኒ ኒስካነን ስዊድናዊ ዜጋ ቢሆኑም የተወለዱት በፊንላንድ ነው። አገራችን የመጡት በ1946 ሲሆን፣ በ1960 አበበ በሮም ባዶ እግሩን ሲያሸንፍ ከጎኑ ነበሩ። የፊንላንድ ተማሪዎች ይህን አያውቁም ነበር፤ ከሦስቱ ልጆቻችንም ሁለቱ ዕለቱን ነው የሰሙት።

ቀደም ሲል ደንቡን ማን አወጣው ብላ የጠየቀችው ልጅ ግን ሌላ ቅሬታ ነበራት። ከኮሌህማይኔን እስከ ቪረን ስንሄድ ያየነው ሁሉ የወንድ ፊት ነው አለች። አስጎብኚዋ ራሳቸውን ነቀነቁ። በ1928 በአምስተርዳም ሴቶች 800 ሜትር ከሮጡ በኋላ ርቀቱ ለሴት አቅም ከባድ ነው ተብሎ እስከ 1960 ከኦሎምፒክ መውጣቱን፣ ማራቶን ደግሞ ለሴቶች የተፈቀደው በ1984 መሆኑን ነገሩን። ልጅቱም መሙን እያየች፣ በዚህ በቆምንበት ስታዲየም በ2005 የዓለም ሻምፒዮና ጥሩነሽ ዲባባ 10,000ንም 5,000ንም በአንድ ሻምፒዮና በማሸነፍ የመጀመሪያዋ ሴት እንደሆነች ተናገረች። በሁለቱም ርቀቶች ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡት ኢትዮጵያውያን ነበሩ፤ በ10,000 ብርሃኔ አደሬና እጅጋየሁ ዲባባ፣ በ5,000 መሠረት ደፋርና እንደገና እጅጋየሁ ተከትለዋታል። በወንዶች 10,000 ደግሞ ቀነኒሳ በቀለና ስለሺ ስህን አንደኛና ሁለተኛ ሆነዋል። ሰባት ደቂቃ ያህል ስለዚህ ስታወራ ፊንላንዳውያኑ ተማሪዎች አላቋረጧትም። የኑርሚ አገር ሰዎች ሩጫ ሲወራ ማዳመጥ ያውቃሉ።

ከመውጣታችን በፊት ስለ ዕቃዎቹ አሰባሰብ ጠይቀን ነበር። አስጎብኚዋ የሰጡን መልስ ለቀበሌ ማኅበራት ስለሚጠቅም እናስቀምጠዋለን። ብዙው ዕቃ የመጣው ከሰዎች ቤት ነው። ከሣጥን ሥር፣ ከጣራ ሥር፣ ከሟች አያት ልብስ መካከል። ዕቃውን ብቻ መቀበል ግን አይበቃም። የማን እንደነበረ፣ የት እንደተለበሰ፣ ማን እንደሰፋው፣ በምን ገንዘብ እንደተገዛ ካልተጻፈ ማልያው ጨርቅ፣ ጫማውም ቆዳ ሆኖ ይቀራል። ባለቤቱ ሳይሞት መጠየቅ ያስፈልጋል። የሠራተኞቹ ክለቦች የአባልነት ደብተሮች በብዛት የተገኙት ልጆቻቸው ሳይጥሏቸው በመቅረታቸው ብቻ ነው።

ሦስቱ ልጆቻችን በዚያው ምሽት ተቀምጠው ወደ አገር ቤት ደብዳቤ ጻፉ። አንደኛው የጻፈው በወጣትነታቸው በፋብሪካ ቡድን ውስጥ ለተጫወቱት አጎቱ ነው። «ጋሼ፣ ያ ከቁም ሣጥኑ ላይ የነበረው የቡድኑ ፎቶግራፍ አለ ወይ? የተሰለፉትን ሰዎች ስም ከግራ ወደ ቀኝ በጀርባው ላይ ይጻፉልኝ» ይላል። የስማቸውን ነገር ሁለት ጊዜ አሥምሮበታል። ይህን ስንጽፍ መልሱ ገና አልደረሰም።